ሽማግሌ የማይቆምበት ጀልባ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ መከራ ፈልጎ የሚያገኘው፣ እና መከራን ፈልጎ የሚያገኝ። የመጀመሪያው ዓይነት በዓለም ላይ ሞልቷል። ሠላሳ ዓመት ዜና ስጽፍ የኖርኩትም ስለ እሱ ነው። ሁለተኛውን ዓይነት በቅጡ ያወቅኩት ግን ሜልበርን ከመጣሁ በኋላ ነው። እዚህ አገር ሰው ቅዳሜ ጠዋት ከሞቀ አልጋው ተነስቶ፣ ማንም ሳያባርረው ይሮጣል። ቤት እያለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ያድራል። በሰኔ ብርድ ባሕር ውስጥ ይገባና፣ ከንፈሩ ጠቁሮ እየተንቀጠቀጠ ወጥቶ “ቢዩቲፉል!” ይላል። ልብ በሉ፤ ስለት ኖሮበት አይደለም። ምቾት እንደ ጮማ ነው፤ ሲበዛ ቃር ያመጣል።

እኛ ደግሞ ከሰው አገር የሚለመደውን ትተን የማይለመደውን መልመድ እንችልበታለን። ሰዓት ማክበርን ለመልመድ ሃያ ዓመት አልበቃንም። ለሁለት ሰዓት የተጠራ ሠርግ ዛሬም አራት ሰዓት ላይ ነው ሙሽራው የሚላጨው። ጌታሁን ግን መከራ ፍለጋን በአንድ ክረምት ለመደ።

ጌታሁንን ላስተዋውቃችሁ። ወዳጄ ነው። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ በሱዳን በኩል ተሰዶ እዚህ ከደረሰ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ በጥበቃ ሠርቶ አምና ጡረታ ወጣ። ዋይንድሃም ቬል፣ አዲሱ ሰፈር ውስጥ፣ ከባለቤቱ ከእትዬ አስካለ ጋር ባለ አራት መኝታ ቤት አላቸው። ልጆቹ ወጥተዋል። እኔና ጌታሁን አንተ እንባባላለን፤ ባለቤቱን ግን አንቱ ነው የምላቸው። የሚያውቋቸው ሰዎች ለምን ብለው አይጠይቁም።

ጡረታ የወጣ ሰው መጀመሪያ ጓሮውን ይቆፍራል። ጓሮው ሲያልቅ ስልኩን ይቆፍራል። ጌታሁን ስልኩን ሲቆፍር ሲቆፍር ኖርዌይ ወጣ። ያየው ቪዲዮ በሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ በረዶ በከበባት ትንሽ ጀልባ ውስጥ ክረምቱን ስለሚያሳልፉ ባልና ሚስት ነበር። ፀሐይ ለሁለት ወር ያህል ብቅ አትልም። ሰውየው በየጠዋቱ ከጀልባው ጀርባ ላይ በረዶ በአካፋ ይዝቃል፤ ሚስቱ ካልሲ ትሠራለች፤ ሁለቱም ያለ ምክንያት ፈገግ ይላሉ። ጌታሁን ሁሉንም ክፍል አየ። ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው አየ። ያላዩት አገር አይናፍቅም የሚሉት አባቶቻችን ዩቲዩብ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ራት ላይ “እኔም ልሄድ ነው” አለ። እትዬ አስካለ ቀልድ መስሏቸው ጎመን ጨመሩለት።

ቀልድ አልነበረም። አንድ የኖርዌይ አዛውንት ክረምቱን ከተማ ልጃቸው ዘንድ ስለሚያሳልፉ፣ እዚያ ሰሜን ጫፍ ላይ የታሰረች ጀልባቸውን የሚያይላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ጌታሁን በኢንተርኔት ተጻጽፎ ተስማማ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ጀልባዋ ውስጥ ይኖራል፤ በረዶውን ይዝቃል፤ ገመዱን ይፈትሻል፤ ማሞቂያው እንዳይጠፋ ይከታተላል። እሱ ይህን “አድቬንቸር” ይለዋል። እኔ ነገርን በስሙ መጥራት በሙያ የለመድኩ ሰው ስለሆንኩ አማርኛውን ነገርኩት፤ ዘበኝነት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሞቀ ሕንፃ ውስጥ በደሞዝ ሲጠብቅ የኖረ ሰው አሁን በረዶ ላይ በነፃ ሊጠብቅ ነው። ለሁለት ሳምንት ተኮራረፍን።

መዋኘት እንደማይችልም ጠቅሼለት ነበር። “እዚያ ባሕሩ በረዶ ነው፤ ምኑን እዋኘዋለሁ?” አለኝ።

ታዲያ ሰው እንዲህ ላለው ነገር ልምምድ ያስፈልገዋል። የቀድሞ የሥራ ባልደረባው የሆነ አንድ አውስትራሊያዊ፣ ዊሊያምስታውን ወደብ ላይ ትንሽ የሸራ ጀልባ አለው። ሰውየው ብልህ ስለሆነ ክረምቱን ብርድ ሸሽቶ ኩዊንስላንድ ሄደ። ሲሄድም “እንዳትሰምጥ አልፎ አልፎ እያት” ብሎ ቁልፉን ለጌታሁን ሰጠው። ጌታሁን አልፎ አልፎ ማየቱን ትቶ ሰኔ ላይ ጋቢውንና ሦስት ካልሲውን ይዞ ገባባት። መንግሥታት ያልሆነላቸውን የባሕር በር እሱ በግሉ አገኘ።

በነገራችን ላይ የእኛ ክረምት ከአገር ቤት ክረምት ጋር አንድ መሆኑን አስተውላችኋል? በአውሮፓና በአሜሪካ ያለው ወገናችን ሐምሌ ላይ ላቡን ሲጠርግ፣ ከእናት አገሩ ጋር እኩል ዣንጥላ የሚዘረጋ ስደተኛ እኛ ብቻ ነን። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን እኛም የምንኮራበት ይኑረን።

ወሬው ሰንሻይን ዌስት ሰፈር ሲደርስ “ጌታሁንን ባንክ ቤቱን ቀማው” ሆነ። እኔ ያለሁበት አስኮት ቬል ሲደርስ “አስካለ አባረረችው” ሆነ። ዞሮ ዋይንድሃም ቬል ሲመለስ፣ ራሳቸው እትዬ አስካለ እንዲህ ሲሉ ተገኙ፤ “አንዲት ሴት ባሏን ጀልባ ውስጥ ጥላው ነው አሉ፤ ምን ያለችው ጨካኝ ናት?” ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ እኛ ሐሳቡን ትተን ወሬ እንጨምርበታለን። በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ማሰባሰብ ተጀመረ። አሥራ አራት ተሰበሰበ። ጀልባዋ የምትችለው አራት ነበር።

ልጁን ሜሮንን ምን እንደምታስብ ብጠይቃት፣ ከመኪናዋ ሳትወርድ “አንክል፣ ሂ ኢዝ ፋይን፤ ሚድላይፍ ክራይሲስ ነው” አለችኝ። የዕድሜ አጋማሽ ቀውስ ማለቷ ነው። ሒሳቡን ሠራሁት። ስልሳ ሰባት የዕድሜ እኩሌታ ከሆነ ጌታሁን መቶ ሠላሳ አራት ዓመት ሊኖር ነው። ለእትዬ አስካለ አልነገርኳቸውም።

በሐምሌ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ አስካለ ሦስታችንን ለሽምግልና ጠሩን። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሼ ተፈራ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በበር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ረጅም ሰው ናቸው፤ በሜልበርን ምዕራብ ያልታረቀ ባልና ሚስት ካለ እሳቸው ያልሰሙት ብቻ ነው። ሁለተኛው አቶ ለማ፣ ጉልበቱን የሚያመው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በሽምግልና ውስጥ የአቶ ለማ ድርሻ “እውነት ነው” ማለት ነው። አትናቁት፤ እንዲህ የሚል ሰው የሌለው ሽምግልና ምሰሶ እንደሌለው ጎጆ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የተጠራሁት በማስረጃ ስለምናገር ነው ተባለ። ኋላ የተቆጩበትም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቴርሞሜትሬ መናገር አለብኝ። የምከራየው ቤት እንደ ጉድጓድ ይበርዳል ብዬ ለኤጀንቱ ባመለክት፣ በሩ ላይ ቆሞ “ለእኔ ፋይን ነው” አለኝ። ስሜትን በቁጥር ልረታ ብዬ የኪስ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ኤጀንቱ አልተረታም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት በገባሁ ቁጥር ሳላወጣት አልቀመጥም።

የእትዬ አስካለ ሳሎን አሥራ አንድ ዲግሪ ነበር። በሜልበርን የቤት ግድግዳ የሚሠራው ከውጭ ለማየት ነው። ማሞቂያ የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ ጣሪያው ሙሉ ማሞቂያ ነው። ግን እንደ ደህናው ሰሃን ለእንግዳ ብቻ ነው የሚወጣው። እኛን ሲያዩ አበሩት፤ እያጓራ ተነሳ፤ ክፍሉ ለብ ማለት ሲጀምር ጉዳያችን አልቆ ነበር።

“ሠላሳ ስድስት ዓመት!” አሉ እትዬ አስካለ ጋቢያቸውን እያጠበቁ። “ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ቆሻሻውን አውጣልኝ ስለው በረደኝ የሚለኝ ሰውዬ፣ ዛሬ በረዶ ሊዝቅ ነው!”

“እውነት ነው” አለ አቶ ለማ።

“ምን እናድርግልሽ፣ አስካለ?” አሉ ጋሼ ተፈራ።

“ንገሩልኝ። ኖርዌይ ከሄደ፣ ሲመለስ ቁልፉ ይህን በር አይከፍተውም። ለማስፈራራት አይደለም። ቁልፍ የሚቀይረውን ሰውዬ ስልክ ይዣለሁ። ና አንተ ጋዜጠኛ፣ ማስረጃ ትወድ የለ? እየው።”

አየሁ። “ቁልፍ” ብለው መዝግበውታል። ነገሩ የምር ነበር።

እንደምታውቁት ሽምግልና ሕግ አለው። ባለቤቱ “ተቀመጡ” ይላል። ሽማግሌ “አንቀመጥም፤ የመጣንበትን እሺ ካላልከን አንቀመጥም” ይላል። ከዚያ ይቆማል። የአባቱ ዕድሜ ያለው ሰው ፊቱ ቆሞ እያየ የሚጨክን አበሻ የለም። የሽማግሌው እግር ሲዝል የባለቤቱ ልብ ይራራል፤ “በቃ እሺ፣ ተቀመጡ” ይላል፤ ያን ጊዜ ይቀመጣሉ፤ ነገር አለቀ። ሽማግሌው እሺታውን ሳያገኝ ከተቀመጠ ግን የተረታው እሱ ነው፤ ልኮት የነበረውም ሰው አብሮት ይረታል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ስንት ትዳር አትርፏል። ይህ ሕግ የወጣው ጣሪያው ከፍ ላለ ቤት መሆኑን ግን ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም።

ጀልባዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰባት ሜትር ናት። ጌታሁን ጺሙን አሳድጎ፣ የመርከበኛ ቆብ ደፍቶ ጠበቀን። ጫማችንን አስወለቀን። በጠባቧ መሰላል ወደ ውስጥ ስንወርድ “ራሳችሁን…” አለ። “ጠብቁ” ከማለቱ በፊት ጋሼ ተፈራ ገጩ።

ከወለል እስከ ጣሪያ አንድ ሜትር ከስልሳ ነው። ጋሼ ተፈራ አንድ ሜትር ከዘጠና ናቸው። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ሽማግሌ ትርፍ ሆነ።

“ተቀመጡ እንጂ” አለ ጌታሁን።

“አንቀመጥም!” አሉ ጋሼ ተፈራ። ድምፃቸው ግርማ አለው። ግን እንደ ደጋን ጎብጠው፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ተጣብቆ ስለነበር ንግግሩን በሙሉ ያደረጉት ለራሳቸው ክራባት ነው። “ሠላሳ ስድስት ዓመት የቆመ ትዳር ለበረዶ ብለህ ልታፈርስ ነው? እሺ በለን! ቤትህ ግባ!”

“እውነት ነው” አለ አቶ ለማ። ወደ ጎን ታጥፎ፣ አንድ ጆሮው ጣሪያው ላይ ነበር።

“ጋሼ፣ አንገትዎን ይሰብርዎታል…”

“አንገቴን ተወው! የአስካለን ፊት እንዴት ብዬ ነው የማየው?”

“አሁንም ቢሆን ምንም አያዩም፣ ጋሼ።”

ቀጥ ብዬ የቆምኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። አጭር ነኝ። የሽምግልናው ክብር በሙሉ በእኔ ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ደግሞ እየሠራልን ነበር። ጌታሁን የጋሼ ተፈራን ጎባጣ ጀርባ አይቶ ዓይኑን ሰበረ፤ ቆቡን አወለቀ፤ በእጁ ማሻሸት ጀመረ። እሺ ሊል አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረው።

በዚህ ጊዜ በውጭ አንድ ትልቅ ጀልባ አለፈ። የሱ ማዕበል መጣና የኛይቱ ወደ ግራ አለች፤ ከዚያ ወደ ቀኝ አለች። ጋሼ ተፈራ በቀኝ በኩል ባለው አልጋ ላይ፣ አቶ ለማ በግራው ላይ፣ እኔ አቶ ለማ ላይ ተቀመጥን።

“ተቀመጣችሁ” አለ ጌታሁን።

“ወደቅን እንጂ መች ተቀመጥን!” አሉ ጋሼ ተፈራ።

“ታዲያ ተነሱዋ።”

እውነቱን መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። መነሳት እንችል ነበር። ማዕበሉ አልፏል። ግን ትራሱ ለስላሳ ነው፤ ከእግራችን ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ የናፍጣ ማሞቂያ እንደ ድመት እያንኮራፋች ሙቀት ትነፋለች። ቴርሞሜትሬን አወጣሁ። ሃያ ሁለት። ከግንቦት ወዲህ ሃያ ሁለት የሚባል ቁጥር አይቼ አላውቅም። ጋሼ ተፈራ መጀመሪያ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ፤ ቀጥሎ ክራባታቸውን። አቶ ለማ ጉልበቱን ዳበሰና በሽምግልና ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ነገር ተናገረ።

“አያመኝም” አለ።

ሦስት ሰዓት ቆየን። ሻይ በብስኩት ቀረበ። ጋሼ ተፈራ “ይቺ ነች እንግዴህ መከራው?” ብለው ቢተርቡት ጌታሁን ከፋው። “በደግ ቀን መጥታችሁ ነው!” አለ። “ጠዋት ብትመጡ እኮ የገዛ ትንፋሼ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል።” በኩራት ነው የተናገረው። ከዚያ ሽማግሌዎቼ ግራና ቀኝ እንቅልፍ ሲጥላቸው ወደ እኔ ጠጋ አለ።

“አየህ፣ ቤት ሳለሁ አንድ ዓመት ሙሉ ጌታሁን የት ነው ያለ ሰው የለም” አለኝ። “ጀልባ ውስጥ በገባሁ በስድስት ሳምንት ሦስት ሽማግሌ ተላከብኝ።”

“ባንመጣስ ኖሮ?”

“ትመጣላችሁ ብዬ ነበር።”

ስንመለስ ጋሼ ተፈራ መኪና ውስጥ መግለጫ አረቀቁ። “ነገሩ በሂደት ላይ ነው” የሚል ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩትና ስንቱን ነገር እንደሸፈንኩበት እኔ ነኝ የማውቅ። ምንም ያልሆነ ነገር ሁሉ በሂደት ላይ ነው።

እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ይሄዳል፣ አይሄድም፣ ምን አለ፣ አላሉም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

“ቆማችሁ ነው የተነጋገራችሁት፣ ተቀምጣችሁ?”

“ነገሩ በሂደት ላይ ነው” አሉ ጋሼ ተፈራ።

“እውነት ነው” አለ አቶ ለማ።

“ጋዜጠኛው?”

“ተቀምጠን ነው” አልኩ። “ሦስት ሰዓት። ሃያ ሁለት ዲግሪ ነበር።”

ጋሼ ተፈራ በክርናቸው ጎሸሙኝ። እርግማኑን አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። እትዬ አስካለ ግን እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

“ስንት አልክ?”

ማክሰኞ ዕለት “ፊት ለፊት ልንገረው” ብለው ዊሊያምስታውን ሄዱ። ሲሄዱ የያዙት የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው። ረቡዕ ሜሮን ትራሳቸውን፣ ሐሙስ መድኃኒታቸውንና ሥዕለ ማርያማቸውን አደረሰችላቸው። በሳምንቱ የማኅበራቸው ሴቶች ሊጠይቋቸው መጡ፤ ሁሉም አንድ ላይ ስለማይገቡ በሁለት በሁለት እየሆኑ ተራ የሚያሳይ ሮስተር አወጡ። ወሩን ሙሉ ተይዞ ነበር። ጌታሁን መጀመሪያ ከሰፊው አልጋ ወደ ጠባቡ ተዛወረ። ከዚያ እንግዶች ሲመጡ ውጭ መቆም ጀመረ። በመጨረሻ “መፍቻ ላምጣ” ብሎ ቤቱ ሄደ። አልተመለሰም።

ነሐሴ ላይ ደወለልን። ሦስታችንም ሄድን። ሳሎኑ አሥር ዲግሪ ነው። ጌታሁን ጋቢውን ተከናንቦ፣ የመርከበኛ ቆቡን እንዳደረገ፣ ሶፋው ላይ ኩርምት ብሏል። እኛን ሲያይ ተነስቶ ማሞቂያውን አበራ።

“ልትሄድ ነው” አለ።

“ማን? ወዴት?” አሉ ጋሼ ተፈራ።

“አስካለ! ኖርዌይ! ለጀልባው ባለቤት ራሷ ደወለችለት፤ ሜሮን አስተረጎመችላት። ስለ በረዶው አልጠየቀች፣ ስለ ጨለማው አልጠየቀች። ማሞቂያው ስንት ዲግሪ ያሞቃል? አለች። የኔ አሁን ካለሽበት ጀልባ ማሞቂያ በእጥፍ ይበልጣል አላት። ሁለት ሰው ብትሆኑ ደግሞ እሰየው አላት። ሜሮን ቲኬት ቡክ አድርጋለች። ለሁለታችንም።”

“ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?” አልኩት። “ይኸው እሺ አለችህ። ሂዳ!”

“አብደሃል እንዴ? እኔ መዋኘት አልችልም!”

“እውነት ነው” አለ አቶ ለማ።

“የምትከለክለኝ መስሎኝ እኮ ነው የጀመርኩት” አለ ጌታሁን ዝቅ ባለ ድምፅ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን የጣለ ሰው ድምፅ እንዲህ ነው። “ንገሩልኝ። እኔ አልሄድም። እሷም ከሄደች፣ ስትመለስ ይሄ በር…” ብሎ ጀመረና ተወው። የቁልፍ ቀያሪው ስልክ ያለው እትዬ አስካለ ጋ ነው።

በዚሁ ሁለተኛ ጊዜ ተላክን። በዚህኛው ግን ተዘጋጅተን ነው። ጋሼ ተፈራ ጣሪያውን የሚችል ወፍራም የሱፍ ቆብ አደረጉ። አቶ ለማ ጉልበቱን በፋሻ አሰረ። ጀልባዋ በታሰረችበት መትከያ ላይ ካፊያው እየወረደብን ማልን፤ ምንም ቢመጣ፣ ወገባችን ቢቆረጥ፣ አንቀመጥም።

እትዬ አስካለ የመግቢያውን ክዳን ከፈቱ። ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ፊታችንን መታን።

“ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ አታስገቡብኝ” አሉ። እጅጌ አጭር ቀሚስ ነው የለበሱት። “ተቀመጡ።”

“አንቀመጥም!” አሉ ጋሼ ተፈራ፣ ለክራባታቸው።

“እንደ ፈለጋችሁ” አሉ እትዬ አስካለ፣ ማሞቂያዋንም አንድ ደረጃ ከፍ አደረጉ።

ቴርሞሜትሬን አወጣሁ። ሃያ አምስት። አቶ ለማን አየሁት፤ አየኝ። ጋሼ ተፈራ የኮታቸውን የመጀመሪያ ቁልፍ ያዙ።

በዕለቱ ማዕበል አልነበረም። ማንም እንዳያጣምመው ይህን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። በአካባቢው የሚያልፍ ጀልባ አልነበረም፤ ነፋስ አልነበረም፤ ውሃው እንደ መስተዋት የተኛ ነበር።

ተቀመጥን።